የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ሆለታን ያገኛል። ከሆለታ አልፎ፣ ከተነሣበት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ አዲስ ዓለም ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ግንጪ ናት፤ ከግንጪም ወዲያ ውሃዋ በጠርሙስ ተሞልቶ በየአገሩ የሚሸጥላት አምቦ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ጤፍና ስንዴ፣ ባቄላና አተር ይበቅልበታል፤ ከብትም ይረባበታል።

አዲስ ዓለምን የቆረቈሩአት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ባነሰ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ በኰረብታው ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ በአዲስ አበባ ዙሪያ ስለ ጸደቀ የእንጨቱ ችግር ተወገደ፤ መናገሻውም ሳይዛወር ቀረ። በአዲስ ዓለም ኰረብታ ላይ የተጀመረው ሥራም ለእመቤታችን ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን ይህች ከተማ የጠላት ምሽግ ነበረች። ጠላት ወደ አምቦና ወደ ወለጋ የሚያልፈውን መንገድ ይጠብቅ ዘንድ ወታደር አስፍሮባት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 አርበኞች ይህን ምሽግ አጠቁ። ጥቃቱን ያሰበና ያዘጋጀ ግን በጦር ሜዳ ያደገ ደጃዝማች ወይም ፊታውራሪ አልነበረም፤ አንዲት ወይዘሮ ነበሩ። ስማቸውም ሸዋረገድ ገድሌ ይባላል። እኚህ ወይዘሮ ወደ አዲስ ዓለም ከመድረሳቸው በፊት ያለፉበት መንገድ ረጅም ነው፤ ልጆች ሆይ፣ በማስተዋል አንብቡት።

ወይዘሮ ሸዋረገድ የተወለዱት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ሲደረግ ገና ልጅ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በሸዋ ያደገ ልጅ ሁሉ ማታ በእሳት ዳር ተቀምጦ የዘመቻውን ወሬ እየሰማ ያድግ ነበር። ማን እንደ ወደቀ፣ ማን እንደ ማረከ፣ የማን ፈረስ ያለ ጌታው እንደ ተመለሰ ይነገር ነበር። የእቴጌ ጣይቱም ነገር አብሮ ይነሣ ነበር፤ በመቀሌ የኢጣልያ ጦር ከምሽጉ ውስጥ ሆኖ አልወጣም ባለ ጊዜ፣ ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ በማስያዝ ጠላትን በጥም ያስጨነቁ እርሳቸው ናቸውና።

በዚያ ዘመን ሴቶች ከዘመቻ አይቀሩም ነበር። የኢትዮጵያ ጦር የሚበላው ከመንግሥት ጎተራ እየተሰፈረ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ወታደር ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ ያንን ስንቅ የምታዘጋጀውና አብራው የምትጓዘው ሴት ናት። ጭኮና በሶ፣ ድርቆሽና ቆሎ የምታሰናዳ፣ በየሰፈሩ እህል ፈጭታ የምትጋግር፣ ከወንዝ ውሃ የምትቀዳ፣ ቁስለኛውን የምታጥብና የምታስር እርሷ ናት። ጀግናው በፉከራው ላይ የሚጠራው ጠመንጃውንና ፈረሱን ነው፤ ስንቁን ያዘለችው ሴት ግን ብዙ ጊዜ ስሟ ሳይነሣ ይቀራል። ይህን ማወቅ የወይዘሮ ሸዋረገድን ሥራ ለመረዳት ይጠቅማል፤ እርሳቸው የሠሩት ሥራ ከዚህ ከአሮጌው ሥራ የበቀለ ነውና።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ይህ ጦር በአድዋ እንደ ተሸነፈው ያለ አልነበረም፤ አውሮፕላንና ታንክ፣ ብዙ መድፍና መትረየስ ነበረው። ከዚያም በላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 መንግሥታት በጄኔቭ ተስማምተው የከለከሉትን የመርዝ ጋዝ ከሰማይ አዘነበ። ጋዙ የነካው ሰው ቆዳው ይላጣል፣ ዓይኑ ይጠፋል፤ የነካው ውሃና ሣርም ከብቱን ይጨርሳል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነበር፤ ጦርነቱ የደረሰበት ሦስት ወር ሳይሞላው ነው። ሐኪሙ ጥቂት፣ መድኃኒቱም ጥቂት ነበር። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሴቶች በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ ዙሪያ ተሰብስበው የቁስል ማሰሪያ ይቀዱና ይጠቀልሉ፣ ልብስ ይሰፉ፣ ለመርዙ ጋዝ መከላከያ የሚሆን የፊት መሸፈኛ ያዘጋጁ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድም በዚህ ጊዜ ከሀብታቸው እያወጡ ለጦርነቱ ሰጡ። ይህ የአገልግሎታቸው መጀመሪያ ነው። ሀብት ያለው ሰው በሰላም ጊዜ መስጠቱ ቀላል ነው፤ ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ቀን፣ ሌላው ሰው ወርቁን በሚቀብርበት ሰዓት አውጥቶ መስጠት ግን ቀላል አይደለም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አቤቱታቸውን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ለማሰማት በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከተማው ጠባቂ ስላጣ ተዘረፈ፤ ብዙው ሱቅና ቤትም ተቃጠለ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የኢጣልያ ባንዲራ ሲሰቀል ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ ምድር ጥሎ ዝም አለ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ግን በሰው ፊት አለቀሱ። በኢትዮጵያ ለቅሶ የተከበረ ነገር ነው፤ ለሞተ ዘመድ ያላለቀሰ ሰው ይታማል እንጂ ያለቀሰ ሰው አይጠየቅም። በዚያን ቀን ግን ለቅሶ ወንጀል ሆነ። ጠላት ይዞ ስለ ምን እንዳለቀሱ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ለቅሶአቸው ለአገራቸው መሆኑን አልሸሸጉም። ሌላ ምክንያት መስጠት ይችሉ ነበር፤ ጢስ ዓይኔን ነካኝ ወይም ዘመድ ሞቶብኛል ብሎ ማምለጥ ቀላል ነበርና፤ አላደረጉትም።

ከዚህ በኋላ የወይዘሮ ሸዋረገድ ሥራ በስውር ሆነ። በወረራው ዘመን አርበኞች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዳንዶቹ በዱር በገደሉ ሆነው በጠመንጃ ይዋጉ ነበር፤ እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። ሌሎቹ ግን ጠላት በያዘው ከተማ ውስጥ እየኖሩ፣ በጠላት ገበያ እየገዙና እየሸጡ፣ አንዳንዴም በጠላት ቤት ደመወዝተኛ ሆነው እያገለገሉ፣ በስውር ለአርበኞች ይሠሩ ነበር። እነዚህ የውስጥ አርበኞች ይባላሉ። ከእነርሱ መካከል ሴቶች ብዙዎች ነበሩ። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ጠላት ወንዱን በየኬላው ያስቆማል፣ ይፈትሻል፣ ወዴት ትሄዳለህ ይለዋል፤ እህል ተሸክማ ከገበያ የምትመለሰውን ሴት ግን ብዙም አይመለከታትም ነበር።

በጫካ ያለ አርበኛ የሚያስፈልገው ምን እንደ ሆነ አስቡ። ጥይት ያስፈልገዋል፤ ጥይት ያለቀበት ጠመንጃ ከዱላ አይሻልምና። ልብስ ያስፈልገዋል፤ የሸዋ ደጋ በሐምሌና በነሐሴ በብርድ ያንቀጠቅጣልና። ጨው፣ መድኃኒት፣ ለቁስል ማሰሪያ የሚሆን ንጹሕ ጨርቅ ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ ግን ወሬ ያስፈልገዋል፤ የጠላት ጦር መቼ እንደሚነሣ፣ ስንት ካሚዮን እንደሚወጣ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ባላገር እንደ ከዳ ማወቅ አለበት። ይህን ሁሉ ከከተማ ወደ ጫካ የሚያደርስ ሰው ባይኖር ኖሮ በዱር ያለው አርበኛ አንድ ክረምትም ባላለፈው ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ የያዙት ሥራ ይህ ነው። ገንዘባቸውን እያወጡ ጥይትና ልብስ ይገዙ፣ በታመነ ሰው እጅ ይልኩ፣ ወሬም ይሰበስቡ ነበር።

ይህ ሥራ ከውጊያ ይልቅ የሚከብድበት ነገር አለው። በጦር ሜዳ ያለ ሰው ጠላቱን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ጓደኞቹም በአጠገቡ አሉ። የውስጥ አርበኛ ግን ብቻውን ነው፤ ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ አያውቅም። ጠላት ባንዳ የሚባሉ፣ ከአገሩ ሰው የተመለመሉ አገልጋዮች ነበሩት። ከእነርሱም ወዳጅ መስሎ ገብቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ የሰማውን ለጠላት የሚወስድ ነበር። የውስጥ አርበኛ ቀን ቀን ለጠላት የተገዛ መስሎ ሲታይ የገዛ ወገኑ ይንቀዋል፤ ንቀቱንም ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ምሥጢሩን ሊገልጥ አይችልምና። ከጥይት ይልቅ ይህ ንቀት ያቆሰላቸው ብዙዎች ናቸው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት ጎልማሶች በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ግራዚያኒ ቆስሎ ተረፈ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ የአዲስ አበባ ሕዝብ በየመንገዱና በየቤቱ ታረደ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ባወጣው ቍጥር 30,000 ሰው አለቀ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተፈጁ። ከሞት የተረፉት መኳንንት፣ ወይዛዝርትና የተማሩ ወጣቶች በብዙ መቶ እየተቈጠሩ ባሕር ተሻግረው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ።

ወይዘሮ ሸዋረገድም በጠላት እጅ ወደቁ። ጠላት የፈለገው እርሳቸውን ብቻ አልነበረም፤ ከእርሳቸው ጋር ማን እንደሚሠራ፣ ጥይቱ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ወሬውን ማን እንደሚያመጣ ማወቅ ፈለገ። ስለዚህ አሠቃያቸው፤ የኤሌክትሪክ ንዝረት እስከሚያደርስ ድረስ ጨከነባቸው። ኤሌክትሪክ በዚያ ዘመን ለብዙ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር ነበር፤ ሌሊቱን እንደ ቀን የሚያበራ የጥበብ ሥራ ተብሎ ይደነቅ ነበር። ጠላት ያንኑ ጥበብ የሰው ሥጋ ለማሠቃየት አዋለው። እርሳቸው ግን የጓደኞቻቸውን ስም አልሰጡም። አንድ ስም ቢሰጡ ኖሮ ያ ሰው ይያዛል፤ ያም ሰው ሌላውን ይጠራል፤ እንዲህ እየተያያዘ ብዙ ቤት ይፈርስ ነበር። በአንዲት ሴት ዝምታ ብዙ ሰው በቤቱ አደረ፤ ከእነዚያም መካከል በማን ዝምታ እንደ ተረፈ ሳያውቅ የሞተ ይኖራል።

ከዚህ በኋላ ወደ አዚናራ ተጋዙ። አዚናራ ሰርዴኛ ከምትባለው ከታላቂቱ ደሴት በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ጸጉራቸው ነጭ የሆነ ትንንሽ አህዮች ስለሚገኙባት ትታወቃለች፤ የታወቀችበት ሌላው ነገር ግን መልካም አይደለም። ከብዙ ዘመን ጀምሮ ወህኒ ቤትና ተላላፊ በሽታ የያዘው ሰው የሚለይባት ስፍራ ነበረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ሺህ የኦስትሪያ መንግሥት ወታደሮች ምርኮኛ ሆነው መጥተው በበሽታ ሞተውባታል። ዛሬ ወህኒ ቤቱ ተዘግቶ የአራዊትና የዕፀዋት መጠበቂያ ሆናለች። በደጋ አገር ተወልዶ ላደገ ሰው በአራት ወገን በባሕር ተከብቦ መኖር ራሱ ሌላ እስራት ነው፤ ሽሽቶ የሚገባበት ጫካ፣ ወገን የሚሆነው ባላገር የለምና።

በዚያች ደሴት ከታሰሩት መካከል የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነ ወርቅ ነበሩ። ባላቸው በየነ መርዕድ የባሌ ገዥ ሆነው ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተገደሉ፤ እርሳቸውም ከልጆቻቸው ጋር ተጋዙ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 በኢጣልያ አገር፣ በቱሪኖ ከተማ፣ አገራቸውን ሳያዩ ሞቱ።

በዚያ ዘመን ከአንድ ቤት ሁለትም ሦስትም ሰው መሞቱ የታየ ነገር ነበር። የልዑል ራስ ካሣን ቤት ብንመለከት፣ ወንድወሰን፣ አበራና አስፋ ወሰን የተባሉት ሦስት ልጆቻቸው በአንድ ወር፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተገደሉ። አበራና አስፋ ወሰን በፍቼ የተገደሉት ጠላት ምሕረት እንደሚያደርግላቸው ቃል ከገባላቸው በኋላ ነው፤ ራሳቸውም ተቈርጦ በአደባባይ ተሰቀለ። የአበራ ሚስት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ግን የባላቸውን ጭፍሮች ሰብስበው ትግሉን ቀጠሉ። እኚህ ወይዘሮ በ1881 ዓ.ም. በመተማ የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። እንግዲህ ወይዘሮ ሸዋረገድ ብቻቸውን እንዳልነበሩ አስተውሉ፤ ባሏን ቀብራ ጠመንጃውን ያነሣች፣ ልጇን በእስር ቤት ያሳደገች ሴት በዚያ ዘመን ብዙ ነበረች።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 መጨረሻ ግራዚያኒ ተሽሮ የአኦስታው መስፍን ተተካ። አዲሱ እንደራሴ ሕዝቡን በጭካኔ ብቻ መግዛት እንዳልተቻለ አይቶ በማባበል ሊገዛ ፈለገ፤ ከተጋዙትም ብዙዎቹ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ አደረገ። ወይዘሮ ሸዋረገድም ከአዚናራ ተመልሰው የአገራቸውን አፈር ረገጡ።

አሁን የታሪካቸው ዋና ነገር ከዚህ ይጀምራል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያደንቁት በእስር የታገሡትን መከራ ነው፤ ሆኖም ከዚያ የሚበልጥ ነገር አለ። ሰው የማያውቀውን መከራ ባለማወቁ ሊደፍረው ይችላል። ያወቀውን መከራ፣ በሥጋው የቀመሰውን፣ ዳግመኛ መድፈር ግን ሌላ ነገር ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ከእስር ሲወጡ የኤሌክትሪኩን ሥቃይ ያውቁታል፤ የደሴቲቱን ወህኒ ያውቁታል። ጠላትም ያውቃቸዋል፤ ከዚህ በኋላ ቢያዙ ሁለተኛ ምሕረት እንደማይኖር የታወቀ ነው። በቤታቸው ዝም ብለው ቢቀመጡ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። የሚገባቸውን ከፍለዋል፤ ከሚገባቸውም በላይ ከፍለዋል። በዚያም ጊዜ በእውነት የደከመ ብዙ ሰው ነበረ። ኢጣልያ ከአገሩ የማይወጣ መሰለ፤ መንገድ ይሠራል፣ ድልድይ ይገነባል፣ ሱቅ ይከፍታል፤ መንግሥታትም አንድ በአንድ ወረራውን እሺ ብለው ተቀብለውለት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ተስፋ የቈረጠን ሰው መፍረድ አይገባም።

እርሳቸው ግን የተዉትን ሥራ ካቆሙበት አንሥተው ቀጠሉ። እንደ ቀድሞው ጥይት፣ እንደ ቀድሞው ልብስ፣ እንደ ቀድሞው ወሬ ወደ አርበኞች ይልኩ ጀመር።

በዚያን ጊዜ በምዕራብ ሸዋ ትግሉ አልጠፋም ነበር። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኰንኖች አስተማሪነት ተከፍቶ ነበር፤ ከወረራው በኋላ ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በዚሁ በአምቦ መንገድ በኩል ወደ ምዕራብ ወጥተው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር ከመሠረቱት ጋር ተባበሩ። በነቀምት አቅራቢያ በቦነያ የጠላትን አውሮፕላኖች ያቃጠሉ እነዚህ ናቸው። ማኅበሩ ብዙ ሳይቆይ ቢበተንም አገሩ ዝም አላለም። ከግንጪ አቅራቢያ የተነሣው ጃገማ ኬሎ ትግሉን ሲጀምር ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረ። በወሊሶ በኩል ገረሱ ዱኪ ነበሩ። ጠላት ከተሞቹንና መንገዱን ይዟል፤ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ያለው ተራራና ጫካ ግን የአርበኞች ነበር። በቀን ካሚዮን የሚሮጥበት መንገድ በሌሊት ሌላ ጌታ ነበረው።

ለዚህም ነው ጠላት በየከተማው ምሽግ የሠራው። ምሽግ ከሌለ መንገዱ ይቈረጣል፤ መንገዱ ከተቈረጠ በአምቦና በነቀምት ያለው ጦር ስንቅና ጥይት አያገኝም። አዲስ ዓለም ለዋናው ከተማ ከሚቀርቡት ምሽጎች አንዱ ስለ ነበረ፣ እርሱን መንካት ጠላትን በበሩ ላይ መንካት ነበር።

ምሽግን መድፈር ግን በጀግንነት ብቻ አይሆንም። አርበኛው መድፍ የለውም፤ አውሮፕላን የለውም። ባዶ ሜዳ ላይ ወደ መትረየስ ቢሮጥ የሚያልቀው እርሱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ዘበኛው በስንት ሰዓት ይለወጣል? መትረየሱ የተጠመደው በየትኛው ማዕዘን ነው? የጥይቱ ቤት ወዴት ነው? ከባንዳዎቹ መካከል ልቡ ለአገሩ የሚያደላ ማን ነው? ከአዲስ አበባ ረዳት በካሚዮን ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህን ሁሉ የሚመልስ ሰው የሚገኘው በከተማ ነው፤ እንጀራ ጋግራ ከምትሸጠው፣ ልብስ ከሚያጥበው፣ እንጨትና ጭድ ከሚያመጣው ዘንድ ነው። እንግዲህ የውስጥ አርበኛ ዓመት ሙሉ የለቃቀመው ትንንሽ ወሬ በዚህ ቀን አንድ ትልቅ ነገር ይሆናል።

ወይዘሮ ሸዋረገድ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ የተደረገውን ጥቃት ያሰቡት በዚህ ዕውቀት ነው። አቀዱት፤ ከአርበኞች ጋር ተመካከሩበት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ነገሩ ሲፈጸምም ከተዋጊዎቹ ጋር ሆኑ። በአዲስ አበባ የቁስል ማሰሪያ በሚጠቀለልበት ቀን ከሀብታቸው በመስጠት የተጀመረው ሥራ፣ በገንዘብ፣ በምሥጢርና በእስር በኩል አልፎ፣ በመጨረሻ በተኩስ መካከል ደረሰ። ከከተማ የመጡ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ከወህኒ ከወጡ ብዙ ያልቆዩ ሴት በዚያ መካከል መገኘታቸው ለአርበኞቹ ምን ያህል ልብ እንደ ሰጣቸው መገመት አያስቸግርም።

በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ኢጣልያ ከጀርመን ጋር ሆና ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች። ከዚህ በኋላ እንግሊዝ የኢትዮጵያ ረዳት ሆነች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ሱዳን መጡ። በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ወደ ጎጃም ገቡ። የጠላት ምሽግ አንዱ ከአንዱ በኋላ ወደቀ። አርበኞች ከየጫካው ወጡ፤ የውስጥ አርበኞችም ከየቤታቸው ወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለጠላት የተገዛ ሲባል የኖረው ጎረቤት አንዳንዱ ማን እንደ ነበረ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጠላት ወደ አዲስ አበባ ከገባ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ መናገሻቸው ተመለሱ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ያለቀሱለት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሰንደቅ ዓላማም በዚያው ከተማ ዳግመኛ ተሰቀለ።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ይህን ድል በሕይወታቸው አይተዋል፤ ከነጻነት በኋላም ጥቂት ዓመታት ኖረዋል። ስማቸው በዱር ከተዋጉት ከታላላቆቹ አርበኞች ስም ጋር አብሮ ይጠራ ጀመር፤ የወረራውን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎችም የውስጥ አርበኞችን ነገር ሲያነሡ አስቀድመው የሚጠሩት የእርሳቸውን ስም ነው። በዝምታቸው የተረፉትን ሰዎች ስም ግን የጻፈው የለም።